ትናንት ምን ተነካ?

ሰኔ ሲገባ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቶች እንቅልፍ ያጣሉ። ተመራቂው የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ አማካሪው ያረሙትን ያስገባል፣ ገጽ ያስቆጥራል፣ ያስጠርዛል። በዚሁ ሰሞን አንድ ማለዳ፣ የጥገና ሱቄን ገና ከፍቼ መጥረጊያ እንደያዝኩ፣ ሁለት ፕሪንተርና አንድ ላፕቶፕ ይዘው የሚሠሩ የሰፈራችን እናት ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ከእኔ በፊት ሌላ ቦታ አሳይተውታል። የተነገራቸው አንድ ቃል ነው፤ ፎርማት።

ያን ቀን የተነጋገርነውን የምጽፈው ለዚህ ቃል ስል ነው። በሙያችን ውስጥ ስንት ሰው የልጁን ፎቶ፣ የዓመት ሒሳቡን፣ የደከመበትን ጽሑፍ ያጣው በዚህ ቃል እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

እትዬ፦ ልጄ፣ እባክህ ቶሎ እየው። ማታ ደህና የነበረ ዕቃ ነው። የፋብሪካው ምልክት ብቅ ይላል፣ ነጠብጣቦቹ ትንሽ ይዞራሉ፣ ከዚያ ድርግም።

እኔ፦ ይቀመጡ እትዬ። እስቲ ልስማው… ፋኑ ይሠራል። ካፕስ ሎክን ስጫነው ትንሿ መብራት ትበራለች፣ ስደግመው ትጠፋለች። ነፍሱ አለች። የጠፋው ምስሉ ነው።

እትዬ፦ ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም አሉኝ። ውስጡ የስድስት ተማሪ ጽሑፍ አለ። ሁለቱ ዛሬ ከሰዓት የሚያስረክቡ ናቸው። እነሱን ምን ብዬ አያቸዋለሁ?

እኔ፦ ፎርማት አናደርገውም። መጀመሪያ አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ትናንት ምን ተነካ?

እትዬ፦ ምንም አልነካሁም።

እኔ፦ ልወቅስዎት አይደለም። ሐኪም ትናንት ምን በላሽ ብሎ እንደሚጠይቀው ነው። ማታ ደህና የነበረ ኮምፒውተር ጠዋት ከታመመ፣ ብዙ ጊዜ በመሃል የተቀየረ ነገር አለ። ፕሮግራም ጭነዋል? አፕዴት ነበረ? አዲስ ዕቃ ሰክተዋል?

እትዬ፦ አፕዴትስ… አዎ። ፕሪንተሩ ሲንቀራፈፍብኝ ኢንተርኔት ላይ መላ ስፈልግ በቀይ የተጻፈ ነገር ወጣ። «47 ድራይቨሮችዎ አርጅተዋል» ይላል። ደነገጥኩ። ሁሉንም አድስ የሚለውን ተጫንኩ። ሲጨርስ ሪስታርት ይደረግ አለኝ፤ እሺ ብዬ ቤቱን ዘግቼ ወጣሁ።

እኔ፦ በቃ፣ የምንፈልገው እሱ ነው።

እትዬ፦ ማደስ እንዴት ያበላሻል? ደግሞስ ድራይቨር ሹፌር ማለት አይደል?

እኔ፦ ቃሉ ሹፌር ነው፤ ሥራው ግን የአስተርጓሚ ነው። የስክሪን ካርዱን የሠራው ፋብሪካ የራሱ ቋንቋ አለው፣ የዋይፋዩም የራሱ፣ የድምፁም የራሱ። ዊንዶውስ ሁሉንም ቋንቋ አያውቅም። ድራይቨሩ መሃል ቆሞ የዊንዶውስን ትእዛዝ ለዕቃው በሚገባው ቋንቋ ያደርሳል። ያ ቀይ ጽሑፍ የእርስዎን ላፕቶፕ ጠንቅቆ የሚያውቀውን አስተርጓሚ አስወጥቶ ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ አስገብቷል ብዬ እገምታለሁ። ካርዱ አልተቃጠለም፤ ስክሪኑም አልተሰበረም። አይስጉ።

እትዬ፦ ታዲያ አንድ አስተርጓሚ ቢሳሳት ቤቱ በሙሉ ለምን ይዘጋል? የምጽፍበት ፕሮግራም ሲያስቸግረኝ ዘግቼ እከፍተዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ አብሮት አይሞትም።

እኔ፦ የሚጽፉበት ፕሮግራም ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ ነው። ከረበሸ ያስወጡታል፣ ቤቱ ቤት ሆኖ ይቀጥላል። ድራይቨር ግን ጓዳ ገብቶ ነው የሚሠራው። አብዛኛው ድራይቨር የሚሠራበት ቦታ ከርነል ይባላል፤ የስርዓቱ እምብርት ማለት ነው። እዚያ ሆኖ የራሱ ባልሆነ ነገር ላይ እጁን ከዘረጋ፣ ዊንዶውስ ሌላው እንዳይበላሽ ብሎ ሁሉንም ነገር በአንዴ ያቆማል። ሰማያዊ ስክሪን የሚባለው ይኸው ነው። የእርስዎ እዚያ አልደረሰም፤ የስክሪኑ አስተርጓሚ ዝም ስላለ ብቻ ነው ጨለማ የሆነው።

ማስነሻውን ተጭኜ አስነሳሁት፤ ነጠብጣቦቹ መዞር ሲጀምሩ ቁልፉን ጫን አድርጌ ይዤ አጠፋሁት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። ያለ ምክንያት የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ዊንዶውስ ግን መነሳት አቅቶት ደጋግሞ መውደቁን ሲያይ በራሱ የጥገና ገጹን ይከፍታል፣ በጨለማ ስክሪንም እዚያ የሚያደርሰው መንገድ ይህ ነው። ገጹ ሲከፈት ምስሉ ተመለሰ፤ የጥገናው ገጽ አዲሱን ድራይቨር አይጠቀምምና። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ እያልኩ ስገባ አንድ ሰማያዊ ገጽ መጣና 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ጠየቀኝ።

እትዬ፦ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የይለፍ ቃሌን እኮ አውቀዋለሁ።

እኔ፦ የይለፍ ቃል አይደለም። ዲስክዎ ተመስጥሯል፤ ቢትሎከር ይባላል። ሌባ ላፕቶፑን ቢወስድና ዲስኩን ቢፈታ እንዳያነበው ነው። ኮምፒውተሩ በተለመደው መንገድ ሳይሆን በጓሮ በር ሲከፈት ቁልፉን ይጠይቃል። ላፕቶፑን ሲገዙት መጀመሪያ ማን ከፈተው? በማን ኢሜይል?

እትዬ፦ የእህቴ ልጅ ነው ያስተካከለልኝ። የእኔ ኢሜይል ስላልነበረኝ በራሱ አድርጎታል መሰለኝ።

እኔ፦ ይደውሉለት። ቁልፉ የሚቀመጠው መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። በስልኩ ገብቶ ያገኘዋል።

ደወሉ። ልጁ ሥራ ላይ ነበር፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሶ ደወለ። ስድስት ስድስት እያደረገ ስምንት ጊዜ አነበበ፣ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙ፣ እኔ ጻፍኩ። አራተኛው ላይ ማሽኑ አልቀበልም አለ። ሰባትን ዘጠኝ ብለው ሰምተው ኖሯል። የቁልፉ እያንዳንዱ ስድስት አኃዝ ለ11 እንዲካፈል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ አንድ አኃዝ ሲሳት ይታወቃል። ከዚያ 4 ቁጥርን ተጫንኩ፤ ሴፍ ሞድ።

እትዬ፦ በራ! ግን ፊደሉ ሁሉ ትልልቅ ሆነብኝ። አራቱም ጥግ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?

እኔ፦ ሴፍ ሞድ መሆኑን ነው የሚናገረው። ለመነሳት የግድ የሚያስፈልጉትን ድራይቨሮች ብቻ ይዞ ነው የተነሳው፤ ለስክሪኑም ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ተራ አስተርጓሚ ነው የያዘው። አያምርም፣ ግን ያሳያል። የተማሪዎቹ ጽሑፍ የት ነው?

እትዬ፦ እዚህ… እዚህ ነው። ተመስገን! ስድስቱም አሉ።

እኔ፦ ከሁሉ በፊት ወደዚህ ፍላሽ እንገልብጣቸው። ሌላው ሥራ ከዚያ በኋላ።

ይህን ለማንም ሰው ደጋግሜ እላለሁ። ከመጠገን በፊት ሰነድ ይወጣል። ስድስቱ ፋይሎች ተገልብጠው ሲያልቁ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

እኔ፦ አሁን ዲቫይስ ማናጀርን እንክፈት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ሁሉ እዚህ ተዘርዝረዋል። ዋይፋዩ ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አለ፣ አዩት? እሱም ታሟል ማለት ነው። ከስክሪኑ እንጀምር። በቀኝ ጠቅ አድርጌ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ድራይቨር የሚለው ገጽ። የትናንቱን አፕዴት ይዞ ነው ያለው። ከታች ደግሞ ሮል ባክ ድራይቨር የሚል አለ። ወደ ቀድሞው መልስ ማለት ነው።

እትዬ፦ የቀድሞው አልጠፋም እንዴ?

እኔ፦ ዊንዶውስ አዲስ ሲያስገባ አሮጌውን ወዲያው አይጥለውም፣ አንዱን ወደኋላ ያስቀምጣል። ይሄ ነገር ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ፣ በፈረንጆች ከ2001 ወዲህ አለ። ምክንያት ይጠይቀኛል፣ አንዱን እመርጣለሁ፤ እሺ እላለሁ። አሁን ሪስታርት።

ሪስታርት ነው ያልኩት። ብዙ ሰው አጥፍቶ ማብራትንና ሪስታርትን አንድ ያደርጋቸዋል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው በርቶ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የከርነሉን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል፣ ሲበራም ያንኑ መልሶ ያነሳል። ሁሉን ነገር ከባዶ የሚጀምረው ሪስታርት ነው። ለድራይቨር ችግር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

እትዬ፦ መጣ! የድሮው መጣ። ፊደሉም ልኩ ሆነ።

እኔ፦ ዋይፋዩ ይቀረናል። እዚህ ላይ ሮል ባክ የሚለው ደብዝዟል፤ አይጫንም። ያ ፕሮግራም የቀድሞውን ጨርሶ አጥፍቶታል። ስለዚህ ትክክለኛውን ማምጣት አለብን።

እትዬ፦ ኢንተርኔት የለውም፤ በምን ይመጣል?

እኔ፦ ስልክዎን ይስጡኝ። የቻርጀሩን ኬብል እዚህ እሰካለሁ፣ ስልኩ ላይ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን እከፍታለሁ። የአንድሮይድ ስልክ ሲሆን ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ያውቀዋል። አሁን በስልክዎ ዳታ ላፕቶፑ ኢንተርኔት አገኘ። ቀጥዬ ላፕቶፑን እገለብጠውና ከሆዱ ላይ የሞዴል ቁጥሩን አነባለሁ፤ ያን ቁጥር በላፕቶፑ ፋብሪካ በራሱ ገጽ ላይ እጽፋለሁ። ለዚህ ሞዴል ተብሎ የተዘጋጀውን የዋይፋይ ድራይቨር ብቻ ነው የማወርደው።

ወረደ፣ ተጫነ፣ ቢጫው ጠፋ። ድምፁም በሮል ባክ ተመለሰ። ያን «47» ያለ ፕሮግራም ነቅዬ አወጣሁት። የዊንዶውስ አፕዴትንም ለአንድ ሳምንት አቆምኩት፤ የተመለሰውን ድራይቨር ዊንዶውስ በራሱ ጊዜ እንደገና የሚተካበት አጋጣሚ አለና።

እትዬ፦ እንግዲህ ወዲያ! ሁለተኛ አፕዴት የሚባል ነገር አልነካም።

እኔ፦ እንደዚያስ አይበሉ። ድራይቨርም ቀዳዳ ይገኝበታል፤ በቀዳዳው ሌባ ይገባል፣ ጓዳ ድረስ። የሚደፈነው በአፕዴት ነው። የምለው ሌላ ነው። ከማደስዎ በፊት ሦስት ነገር ይወቁ፤ ማን እንደላከው፣ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ካልሆነስ በየት እንደሚመለሱ። የትናንቱን ማን ላከው? አይታወቅም። ለምን አስፈለገ? ስላስደነገጥዎት። መመለሻው ሲስተም ሪስቶር ነበር፤ የእርስዎ ላይ ግን ጠፍቶ ነው ያገኘሁት፣ አሁን አበራሁት። በርቶ ቢሆን ኖሮ ሰነዶችዎን ሳይነካ ስርዓቱን ብቻ ወደ ትናንት ቀን ይመልስ ነበር።

እትዬ፦ ከታወቀ ቦታ ከመጣ ግን አያስፈራም፣ አይደል?

እኔ፦ ከታወቀ ቦታም ይሳሳታል። በፈረንጆች መጋቢት 2010 ኤንቪዲያ 196.75 የተባለ የስክሪን ካርድ ድራይቨር አውጥቶ የፋኑን ፍጥነት ስላዛባ ካርዶች ከመጠን በላይ ጋሉ፤ ኩባንያው ድራይቨሩን አነሳው። በፈረንጆች 2014 ደግሞ ኤፍቲዲአይ የሚባለው ቺፕ ሠሪ ያዘጋጀው ድራይቨር በራሱ በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ሄደ። የኩባንያውን ቺፕ አስመስለው የተሠሩትን እየፈለገ መለያ ቁጥራቸውን ዜሮ አደረገው። የኤሌክትሮኒክስ ተማሪው በርካሽ የገዛው ኬብል በአንድ ሌሊት ኮምፒውተር የማያውቀው ዕቃ ሆነ። ገዢው አስመስሎ የተሠራ መሆኑን በምን ያውቃል? ያን ድርጊት እስከ ዛሬ ስህተት ነው እላለሁ። ቅሬታው ሲበዛ ኩባንያው መልሶ አነሳው።

እትዬ፦ ቅጂ የሠራ ሌላ፣ የተቀጣ ሌላ።

እኔ፦ አዎ። ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰለው ግን የሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ዓርብ ጠዋት፣ በእኛ ሰዓት 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ለደንበኞቹ አንድ ትንሽ ፋይል ላከ። ከርነል ውስጥ የሚሠራው ድራይቨሩ ያን ፋይል ይዞ ሲሠራ 21ኛ መረጃ ፈለገ፤ የተዘጋጀለት 20 ነበር። የሌለውን ሊያነብ ሲሄድ ማሽኑ ወደቀ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ መለሰው። ግን ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ተመትተው ነበር። አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ።

እትዬ፦ እንዴት አስነሱት ታዲያ?

እኔ፦ ብዙዎቹን ልክ ዛሬ እኛ እንዳደረግነው። እያንዳንዱ ማሽን ፊት ቁጭ ብሎ፣ ሴፍ ሞድ ገብቶ፣ ያን አንድ ፋይል አጥፍቶ ሪስታርት ማድረግ።

እትዬ፦ ቁጥሩንስ ጠየቃቸው? የእኔን እንደጠየቀኝ?

እኔ፦ ቢትሎከር ያለባቸውን ጠየቃቸው። 48 አኃዝ፣ ለእያንዳንዱ ማሽን የየራሱ። ቁልፎቹን ያስቀመጡበት ሰርቨር ራሱ ወድቆባቸው የተቸገሩ ነበሩ። መድኃኒቱ የአንድ ደቂቃ ነበር፤ ቀን የፈጀው ቁልፍ ፍለጋው ነው።

እትዬ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ ሲያብሰለስላቸው የነበረውን ጠየቁኝ።

እትዬ፦ ያ መጀመሪያ ያሳየሁት ልጅ ታዲያ ለምን ፎርማት አለኝ? ሊያታልለኝ ነው?

እኔ፦ አይመስለኝም። እኔም ስጀምር እንደዚያ ነበርኩ። ፎርማት ጊዜው ይታወቃል፣ ውጤቱ ይታወቃል፤ ዊንዶውስ ከባዶ ይጫናል፣ ደንበኛው በርቶ ያየዋል፣ ይከፍላል። መጠየቅና መፈለግ ጊዜ ይወስዳል፤ ሱቁ ላይ አምስት ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። ግን ፎርማት ያደረገ ሰው ምን እንደተበላሸ ሳያውቅ ነው የሚያሰናብትዎት። እንዲህም ይሆናል፤ የተበላሸው ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት የመጣ ከሆነ፣ ፎርማት ተደርጎ ኢንተርኔት በተገናኘ ማግስት ያው ድራይቨር ተመልሶ ይመጣል። ሰነዱ ሄደ፣ በሽታው ቀረ። ዲስኩ ራሱ ሲበላሽ ወይም ቫይረስ ስር ሲሰድ ፎርማት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በድራይቨር የተነሳ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደኋላ አንድ እርምጃ ነው።

እትዬ፦ አንድ እርምጃ።

እኔ፦ አንድ ብቻ። ሲያድሱም አንድ ብቻ። ዛሬ የስክሪኑን አድሰው ሁለት ቀን ሠርተውበት፣ ደህና ከሆነ የዋይፋዩን። 47ቱን በአንድ ሌሊት ካደሱ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል? ባዮስ አድስ የሚል ከመጣ ደግሞ ብቻዎን አይንኩት፣ ለእኔ ይደውሉ። ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ ነው የሚደረገው። እሱ በመሃል መብራት ጠፍቶበት ከተቋረጠ ሴፍ ሞድም አያድነውም።

ከመነሳታቸው በፊት መጀመሪያ ያስቸገራቸውን ነገር አስታወስኩ፤ የፕሪንተሩን መንቀራፈፍ። ፕሪንተሩን አስመጣሁና ሰካሁት። የሕትመት ወረፋውን ስከፍት 14 ያልታተሙ ሥራዎች ተደራርበዋል፤ ከላይ ያለው ከሳምንት በፊት የተላከ የተበላሸ ፋይል ነው። እሱ መንገድ ዘግቶ የኋላዎቹን ሁሉ ያስጠብቃል። ወረፋውን ባዶ አድርጌ አንድ ገጽ ላክሁ። ወዲያው ወጣ።

እትዬ፦ ይሄ ብቻ ነበር?

እኔ፦ ይሄ ብቻ። የፕሪንተርዎ ድራይቨር ምንም አልነበረበትም።

እትዬ፦ ያ ሁሉ ማደስ ለዚህ አላስፈለገም ነበር።

እኔ፦ አላስፈለገም። የብድር መዝገብዎን ይዘዋል? ቁልፉን እዚያ ላይ እንጻፈው። በሌላ ወረቀት ደግሞ አንዴ፣ ቤት የሚቀመጥ። ላፕቶፑ ውስጥ አያስቀምጡት፤ ሲቆለፍ አብሮ ይቆለፋል።

ከቦርሳቸው ጠርዙ የተበላ ሰማያዊ መዝገብ አወጡ። የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው 48ቱን አኃዝ በስምንት መስመር፣ ጎላ ባለ እጃቸው ጻፉት፤ ሲጨርሱ እያንዳንዱን መስመር ጣታቸውን አስቀምጠው አነበቡልኝ። አንድም አልተሳሳተም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በ8 ሰዓት ከሩብ የመጀመሪያው ተማሪ ጽሑፉን በሦስት ቅጂ አስጠርዞ ከእትዬ ቤት ወጣ። ሁለተኛዋ በ9 ሰዓት መጣች፤ የእሷም ደርሶ ነበር።